ሚዛን ያልነገረው ቁጥር

100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ በደንብ ቢቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይወጣዋል። የጎደለው 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። የካልሲየምን 40፣ የካርቦንን 12፣ የሦስት ኦክስጅኖችን 48 ደምሮ 100 ያገኛል፤ ከዚያ ላይ 44ቱን ይቀንሳል። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደርን ግንቦች ያቆሙት ባለሙያዎች ኖራቸውን ሲያቃጥሉ ግን 40፣ 12 እና 16 የሚባሉት ቁጥሮች በዓለም ላይ የትም አልነበሩም። ድንጋዩ እሳት ከበላው በኋላ እንደሚቀል ኖራ የሚያቃጥል ሰው ሁሉ በእጁ ያውቀዋል። የጎደለው ወዴት እንደሄደ በሚዛን ያሳየው ሰው የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ሰውየው ጆሴፍ ብላክ ይባላል። በ1754 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤድንበራ ሕክምና አጥንቶ ሲመረቅ ያቀረበው ጥናት የተነሣው የሽንት ፊኛ ጠጠርን የሚያሟሟ መድኃኒት ከመፈለግ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አስፍቶ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ማግኒዥያንና የኖራ ድንጋይን ከመቃጠላቸው በፊትም በኋላም እየመዘነ የጎደለው ክብደት ከድንጋዩ የወጣ አየር መሆኑን አስረዳ። ያ አየር ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነው። ዓይን የማያየው ነገር በሒሳብ ውስጥ ቦታ ያገኘው በዚህ መንገድ ነበር።

ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዚዬ ይህንኑ አሠራር የኬሚስትሪ ሁሉ ሕግ አደረገው። ላቮዚዬ በሙያው ለንጉሡ ግብር ከሚሰበስበው ማኅበር አባላት አንዱ ነበር፤ የግብር ሰው ገቢና ወጪውን እንደሚያመሳክር ሁሉ ከሙከራው በፊት የገባውንና በኋላ የወጣውን ያመሳክር ነበር። በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ ውስጥ የተረከው አንድ ሙከራ ዛሬም ቢሆን ለተማሪ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል። ሜርኩሪን በተወሰነ አየር ውስጥ 12 ቀን አሞቀ፤ በላዩ ላይ 45 ግሬይን የሚመዝን ቀይ ዱቄት አገኘ። ግሬይን የዘመኑ ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው። ዱቄቱን ለብቻው ሲያሞቀው 41.5 ግሬይን ሜርኩሪና ጥቂት ጋዝ ሰጠው። ልዩነቱ 3.5 ግሬይን ነው፤ ጋዙም ኦክስጅን ነበር። ዛሬ ተማሪ የሜርኩሪ ኦክሳይድን 216.6 እና የኦክስጅንን 16 ይዞ ቢያሰላ፣ 45 ግሬይን ዱቄት መስጠት ያለበት ኦክስጅን 3.3 ግሬይን ገደማ ይሆናል። ምድጃና ከሰል ይዞ ከሚሠራ ሰው ይህን ያህል መቅረብ የሚያስደንቅ ነው። ላቮዚዬ ግን ከመጽሐፉ በኋላ ብዙ አልቆየም። በግብር ሰብሳቢነቱ ተከሶ ግንቦት 8 ቀን 1794 በፓሪስ አንገቱ ተቀላ።

ከላቮዚዬ ሕግ የሚገኘው የገባው ከወጣው ጋር እኩል መሆኑ ብቻ ነው። ሙከራው ሳይሠራ፣ ምን ያህል ከምን ያህል ጋር እንደሚዋሃድ አስቀድሞ መናገር ሌላ ነገር ይጠይቃል። በዚህ በኩል የመጀመሪያውን ትልቅ እርምጃ የወሰደው ጀርመናዊው የሬሚያስ ቤንያሚን ሪኽተር ነው። ሪኽተር አማኑኤል ካንት ያስተምርበት በነበረው በክኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በ1789 የዶክትሬት ጥናቱን ሒሳብ በኬሚስትሪ ውስጥ ስላለው አገልግሎት ጻፈ። በመጀመሪያ በማዕድን መሥሪያ ቤት፣ ኋላም በበርሊን የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ እየሠራ አሲድና ቤዝን ሲመዝን ኖረ። ተማሪዎች እስከ ዛሬ ስቶይኪዮሜትሪ እያሉ ለሚጠሩት የስሌት ዘርፍ ስሙን የሰጠው በ1792 ማውጣት በጀመረው መጽሐፉ ነው።

የሪኽተር ግኝት ቀላል ነበር፤ ጥቅሙ ግን ሰፊ ነው። ሁለት የተለያዩ ቤዞች አንድን አሲድ ለማርከስ የሚያስፈልጋቸው መጠን የታወቀ ከሆነ፣ ሌላ አሲድ ለማርከስም የሚያስፈልጋቸው በዚያው ዝምድና ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥንድ ለየብቻው መመዘን ቀረ። ሪኽተር ራሱ መጽሐፉን ለማንበብ በሚከብድ አጻጻፍ ሞላው፤ ቁጥሮቹም የተወሰነ የሒሳብ ተርታ ይከተላሉ ብሎ ስላመነ ብዙ ገጽ በዚያ ላይ አጠፋ። ሥራውን ለሰው ያደረሰው ኤርንስት ጎትፍሪድ ፊሸር ነው። በ1802 የሪኽተርን ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ሰብስቦ፣ ሰልፈሪክ አሲድን 1000 ብሎ ሌላውን ሁሉ ከእርሱ አንጻር አሰለፈ። የዛሬው የአቶሚክ ክብደት ሠንጠረዥ አያት ይህ ነው።

በዚያው ዘመን በስፔን የሚያስተምረው ፈረንሳዊ ጆሴፍ ፕሩስት የመዳብ ካርቦኔት ከማዕድን ቢገኝ፣ በቤተ ሙከራ ቢሠራ፣ የያዘው መዳብ ምጣኔ ምንጊዜም አንድ መሆኑን በ1799 አስታወቀ። ታላቁ ክሎድ ሉዊ በርቶሌ አልተቀበለውም። በርቶሌ ናፖሊዮንን ተከትሎ ግብፅ ሄዶ በናትሮን ሐይቆች ዳር ሶዳ ተከምሮ አይቷል፤ ጨውና የኖራ ድንጋይ በብዛት ሲገናኙ በቤተ ሙከራ ከሚታየው በተቃራኒ እንደሚሠሩ ከዚያ ተረዳ። ከዚህ ተነሥቶም ብዛት የውህዱን ይዘት ይለውጣል አለ። የሁለቱ ክርክር በጨዋነት ለዓመታት ቀጠለ። ስለ ውህዶች ይዘት ፕሩስት ትክክል ነበር። በርቶሌም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም፤ ብዛት የኬሚካል ለውጥን አቅጣጫ ሊያዞር ይችላል የሚለው ሐሳቡ ዛሬ ከፍ ባሉት ክፍሎች የሚሰጠው የኬሚካል ሚዛናዊነት ትምህርት መነሻ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ አቶም ወደ ስሌቱ ገባ፤ ችግሩም አብሮ ገባ።

ጆን ዳልተን ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ የሸማኔ ልጅ ነው። ማስተማር የጀመረው ገና በ12 ዓመቱ ነበር። ማንችስተር ውስጥ እያስተማረ በየቀኑ የአየሩን ጠባይ ይመዘግብ ነበር፤ ስለ አየርና ስለ ጋዞች ሲያስብ ነው ወደ አቶም የደረሰው። በመስከረም 1803 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያውን የአቶሞች አንጻራዊ ክብደት ሠንጠረዥ ጻፈ። የሃይድሮጅን አቶም 1 ይባል፣ ሌላው ሁሉ በእርሱ ይለካ አለ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ነገር ግን አቶም በሚዛን ላይ አይቀመጥም። ሚዛን የሚናገረው ውሃ ውስጥ ለ1 ግራም ሃይድሮጅን 8 ግራም ኦክስጅን እንዳለ ብቻ ነው። በውሃ ውስጥ አንድ ሃይድሮጅን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ከሆነ ያለው፣ የኦክስጅን አቶም 8 ይመዝናል። ሁለት ሃይድሮጅን ከሆነ ግን 16 ይመዝናል። የትኛው ነው? የፈለገውን ያህል የጠራ ሚዛን ቢመጣ ይህን አይመልስም፤ በሁለቱም መንገድ የውሃው ክብደት አንድ ነውና።

ዳልተን በግምት ቆረጠው። ሁለት ንጥረ ነገሮች የሚታወቅ ውህዳቸው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት እስካልመጣ ድረስ አንድ ለአንድ ናቸው ብሎ ይወሰድ አለ። በዚህ ደንብ ውሃ አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ሆነ። በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘመኑ የነበረው ልኬት ስላልጠራ፣ ኦክስጅን 7 ተብሎ ተጻፈ።

መፍትሔው ወዲያው ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጆሴፍ ሉዊ ጌ-ሉሳክ በ1808 ጋዞች ሲዋሃዱ ይዘታቸው፣ ማለትም የሚይዙት ቦታ፣ በቀላል ቁጥር እንደሚገናኝ አሳየ። ሁለት እጅ ሃይድሮጅንና አንድ እጅ ኦክስጅን ሁለት እጅ እንፋሎት ይሰጣሉ፤ አንድ እጅ ናይትሮጅንና ሦስት እጅ ሃይድሮጅን ሁለት እጅ አሞኒያ ይሰጣሉ። ዳልተን ግን ልኬቱ ትክክል አይደለም ብሎ አልቀበልም አለ። ምክንያቱም ነበረው። እኩል ይዘት እኩል ቁጥር ያላቸው ቅንጣቶች ከያዘ፣ ከአንድ የኦክስጅን ቅንጣት ሁለት የእንፋሎት ቅንጣት ሊወጣ የሚችለው ኦክስጅኑ ለሁለት ከተከፈለ ነው፤ አቶም ደግሞ አይከፈልም።

ቋጠሮውን የፈታው አሜዴዮ አቮጋድሮ ነው። በመጀመሪያ የሕግ ባለሙያ የነበረ፣ በኋላ በሰሜን ኢጣልያ በቬርቼሊ ከተማ ፊዚክስ ያስተምር የነበረ የቶሪኖ ሰው ነው። በ1811 በአንድ የፈረንሳይ መጽሔት ላይ ሁለት ነገር ጻፈ። በእኩል ሙቀትና ግፊት ያሉ ጋዞች እኩል ይዘት ካላቸው እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ፤ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ሞለኪውሎችም ለሁለት የሚከፈሉ ጥምሮች ናቸው። የሚከፈለው ሞለኪውሉ ነው፤ አቶሙ አይነካም። በዚህ ቆጠራ ውሃ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ይሆናል፤ ኦክስጅንም 16 ይሆናል። ጉዳዩ እዚያው ማለቅ ይችል ነበር።

አላለቀም። ሰሚ አላገኘም። የዘመኑ ታላቅ መዛኝ፣ የስዊድኑ ያኮብ በርዜልየስ፣ አቶሞች የሚያያዙት በተቃራኒ የኤሌክትሪክ ጠባያቸው ነው ብሎ ያምን ስለነበር ሁለት አንድ ዓይነት አቶሞች ሊጣመሩ አይችሉም አለ። ለኬሚስትሪ በፊደል የሚጻፉትን ምልክቶች የሰጠውም፣ ወደ 2000 የሚጠጉ ውህዶችን የመረመረውም ይኸው በርዜልየስ ስለነበር ቃሉ ክብደት ነበረው። ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ዱማ ደግሞ ከ1820ዎቹ ጀምሮ የአቮጋድሮን መንገድ በሜርኩሪ፣ በሰልፈርና በፎስፈረስ እንፋሎት ላይ ሞከረ። የሦስቱም እንፋሎት ሁለት ሁለት አቶም ባላቸው ሞለኪውሎች የተሠራ አልነበረም፤ ዱማ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስላልነበረው ቁጥሮቹ ተምታቱበት። በመጨረሻም ሥልጣን ቢኖረው አቶም የሚለውን ቃል ከሳይንስ እንደሚያጠፋው በትምህርቱ ላይ ተናገረ።

ብዙዎች አቶሙን ትተው ወደ ሪኽተርና ፊሸር መንገድ ተመለሱ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃይድ ዎላስተን በ1814 ለኬሚስቶች አንድ ተንሸራታች የማስሊያ ገበታ አወጣ። በገበታው ላይ የንጥረ ነገሮችና የውህዶች ስም ተሰልፎ፣ መሀሉ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይንሸራተታል። በእጁ ያለውን ነገር ክብደት ከስሙ ትይዩ ያደረገ ሰው፣ የሚያስፈልገውን የሌላውን ክብደት ከሌላው ስም ትይዩ ያነበዋል። ለፋብሪካና ለመድኃኒት ቤት ይህ በቂ ነበር። ስንት አቶም አለ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ሥራው ይሄዳል።

ውሎ አድሮ ግን ሳይንሱ ራሱ መናገር ተሳነው። አንዱ ኦክስጅንን 8፣ ሌላው 16 ይላል። ካርቦን ለአንዱ 6፣ ለሌላው 12 ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ውህድ ብዙ ቀመር ያወጣል። ኬሚስቱ አውጉስት ከኩሌ በ1861 ባወጣው የትምህርት መጽሐፍ ላይ ለሆምጣጤ አሲድ የተሰጠውን ቀመር ሁሉ በተርታ ሲደረድር 19 ሆነ። ዛሬ በ10ኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ 19 መልስ ነበረው።

ለዚህ ነው ከኩሌ፣ አዶልፍ ቩርትስና ካርል ቬልትሲን የአውሮፓን ኬሚስቶች የጠሩት። ከመስከረም 3 እስከ 5 ቀን 1860 በጀርመኗ ካርልስሩሄ ከተማ፣ በምክር ቤቱ አዳራሽ፣ ወደ 140 የሚሆኑ ሰዎች ተሰበሰቡ። ኬሚስቶች ከብዙ አገር በአንድ ጉባኤ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከመጡት መካከል በሃይድልበርግ የሚያጠናው የ26 ዓመቱ ሩሲያዊ ድሚትሪ ሜንዴሌቭና ጀርመናዊው ሎታር ማየር ነበሩ። ከጄኖቫ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ስታኒስላኦ ካኒዛሮም ነበር።

ካኒዛሮ የፓሌርሞ ተወላጅ ነው። በ1848 የሲሲሊ አመፅ ተካፍሎ፣ አመፁ ሲከሽፍ አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሰው ነው። አቮጋድሮ በ1856 ሲሞት ሐሳቡ ገና እንደተጣለ ነበር፤ ያነሣው ካኒዛሮ ነው። ለተማሪዎቹ ኬሚስትሪን እንዴት እንደሚያስተምር በ1858 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አስቀምጦ አሳትሞት ነበር። ይህ የሚደንቅ ነገር ነው፤ የኬሚስትሪን ትልቅ እንቆቅልሽ የፈታው ጽሑፍ የአንድ መምህር የትምህርት ዕቅድ ነበር።

መንገዱ ይህ ነው። አንድ ንጥረ ነገር ያለባቸውን ብዙ ጋዞች መሰብሰብ፣ በአቮጋድሮ ደንብ የእያንዳንዱን ሞለኪውል ክብደት ከጋዙ እፍጋት ማግኘት፣ ከዚያም በውስጡ የንጥረ ነገሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ ማየት። ውሃ 18 ይመዝናል፤ ኦክስጅኑ 16 ነው። ካርቦን ሞኖኦክሳይድ 28 ነው፤ ኦክስጅኑ 16። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 44 ነው፤ ኦክስጅኑ 32። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 64 ነው፤ ኦክስጅኑ 32። የኦክስጅኑ ድርሻዎች ሁሉም የ16 ብዜት ናቸው፤ 8 ወይም 24 የትም አልተገኘም። ስለዚህ የኦክስጅን አቶም 16 ነው። ሚዛን ብቻውን ያልነገረው ቁጥር፣ ሚዛንና የጋዝ ይዘት አንድ ላይ ሲነበቡ ተነገረ። በእንፋሎት መልክ ለማይገኙ ብረታ ብረቶች ደግሞ ዱሎንና ፔቲ በ1819 ያገኙትን የሙቀት ደንብ ተጠቀመ።

ካኒዛሮ በጉባኤው ላይ ተናገረ፤ ጉባኤው ግን ሳይስማማ ተበተነ። በመጨረሻው ቀን አንጄሎ ፓቬሲ የተባለ ኢጣልያዊ ወዳጁ የዚያን ደብዳቤ ቅጂዎች ለተሰብሳቢዎቹ አደለ። ሎታር ማየር ወደ ቤቱ ሲመለስ አነበበው፤ ጥርጣሬው ሁሉ እንደተገፈፈለትም በኋላ ጽፏል። ሜንዴሌቭም የካርልስሩሄን ነገር ለመምህሩ በደብዳቤ ገለጸ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ያወጣው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ የቆመው በትክክለኛ የአቶሚክ ክብደቶች ላይ ነው፤ 8ና 16፣ 6ና 12 እንደተቀላቀሉ ቢቀሩ ያ ሠንጠረዥ መልክ አይይዝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል። ብራስልስ ላይ ዣን ስታስ ክብደቶቹን እጅግ አጠራቸው። ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሎሽሚት በ1865 የሞለኪውልን ስፋት ገመተ፤ በተወሰነ ጋዝ ውስጥ ስንት ሞለኪውል እንዳለ ማስላት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሞል የሚባለውን መለኪያ ወደ መማሪያ መጻሕፍት ያስገባው ደግሞ በ1890ዎቹ ቪልሄልም ኦስትዋልድ ነው። ኦስትዋልድ በዚያን ጊዜ አቶም መኖሩን አያምንም ነበር፤ ሞል ለእርሱ በግራም የተቆጠረ ክብደት ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፔራን ከ1908 ጀምሮ በውሃ ውስጥ የሚንቀጠቀጡ ጥቃቅን የሙጫ ቅንጣቶችን በማይክሮስኮፕ እየቆጠረ፣ በአንድ ሞል ውስጥ ያለውን ቁጥር ከዛሬው ብዙ ሳይርቅ አገኘው፤ በአቮጋድሮ ስም እንዲጠራም ሐሳብ አቀረበ። ኦስትዋልድም ማስረጃው ሲመጣ በይፋ ሐሳቡን ለወጠ። ፔራን ለሥራው በ1926 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የኢትዮጵያ ተማሪ ይህን ሁሉ በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ያገኘዋል። ግራሙ ለሞላር ክብደት ይካፈል፣ በእኩልታው ምጣኔ ይባዛ፣ እንደገና ወደ ግራም ይመለስ ይባላል። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ከግራም ወደ ሞል በሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ በርዜልየስን፣ ዳልተንንና ዱማንም ያሰናከለ ቦታ ነው፤ ከክብደት ወደ ቁጥር መሻገር ለሳይንስ ራሱ ግማሽ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል። በዚህ የተቸገረ ልጅ ሰነፍ ሊባል አይገባም። የውሃ ኦክስጅን 8 ሊሆን ይችል እንደነበረና 16 የሆነበትን ምክንያት በአንድ ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማሳየት፣ ቀመሩን አሥር ጊዜ ከማስደገም የተሻለ ትምህርት ነው። የካኒዛሮን አራት ጋዞች ለማስላት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጠመኔ ይበቃል።

መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1971 ሞል የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት መሠረታዊ አሃድ ሲሆን፣ በ12 ግራም ካርቦን-12 ውስጥ ያሉትን አቶሞች ያህል ቅንጣት የያዘ መጠን ተብሎ ተበየነ። ይህ ብያኔ ከግንቦት 20 ቀን 2019፣ በእኛ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽሯል። አሁን አንድ ሞል በትክክል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት ነው፤ ከካርቦንም ሆነ ከግራም ጋር በብያኔ አልተሳሰረም። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዞ የሚያስተምር መምህር ለተማሪዎቹ ይህን አንድ መስመር ያርምላቸው።